«ሲስተም የለም»

ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ መስኮት ከሚነገሩት ቃላት ሁሉ «ሲስተም የለም» የሚለውን ያህል የተለመደ ያለ አይመስለኝም። አባባሉ ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ የሚሠራው ሥራ ግን ብዙ ነው። ሰልፉን ይበትናል፤ ባለጉዳዩን ወደ መጣበት ይመልሳል፤ ከመስኮቱ በስተጀርባ የተቀመጠውንም ሠራተኛ ከወቀሳ ነጻ ያወጣል። የሚያስገርመው ደግሞ ይህን የሰማ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሳይቈጣ መሄዱ ነው። ቀድሞ «ነገ ተመለስ» የተባለ ባለጉዳይ ቢያንስ የሚያማው ሰው ነበረው። «እገሌ የሚባል ጸሐፊ አጉላላኝ» ብሎ ለአለቃው አቤት ይላል፤ ያም ባይሆን ዘመድ ፈልጎ ያስነግራል፤ ያም ካልሆነ ደጅ ይጠናል። ሲስተም የተባለው ግን ስምም አለቃም ዘመድም የለው፤ ደጁም የት እንደ ሆነ አይታወቅ።

ደጅ ጥናትን ያነሣሁት በከንቱ አይደለም። ታሪካችንን ያነበበ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በቀድሞው ሥርዐት ጉዳይ ያለው ሰው ከመኳንንቱ ደጅ ማልዶ እየቆመ፣ ጌታው ሲወጡና ሲገቡ እጅ እየነሣ፣ «ይህ ሰው ዛሬም አለ» እስኪባል ድረስ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይጠብቅ ነበር። ስንቁ ያልቃል፤ እርሻው ጦም ያድራል፤ ቤቱም ይፈታል። እንዲህ ያለው ልማድ እንዲመለስ የሚመኝ ጤነኛ ሰው የለም፤ እኔም አልመኝም። ነገር ግን በዚያ ሁሉ እንግልት ውስጥ ባለጉዳዩ ይታይ ነበር። ጌታው ቢቈጡም ቢምሩም የሚቈጡትና የሚምሩት ዐይኑን አይተው ነው። ስልክና ኮምፒዩተር ሰልፉን ካስቀሩልን ወዲህ ደጁ ራሱ ቀርቷል ወይስ ወደ ሌላ ስፍራ ተዛውሯል? ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ጥያቄ ይህ ነው።

ለዚህ ጥያቄ ከአራዳ የተሻለ መመርመሪያ ስፍራ አላገኘሁም። ዘመናዊ አገልግሎት ከምንለው ነገር ውስጥ ብዙው ወደ ሕዝባችን የገባው በዚህ ሠፈር በኩል ነውና። በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይቆም በነበረው ታላቅ ገበያ ዙሪያ አገሬው ነጋዴ ከአርመኑ፣ ከግሪኩና ከሕንዱ ጋር ጎን ለጎን ይሸጥ ይለውጥ ነበር። በወረራው ዘመን ጣሊያኖች የአገሬውን ገበያ ወደ ዛሬው መርካቶ አዛውረው ሠፈሩን በቋንቋቸው ፒያሳ አሉት። አራዳ የሚለው ስም ግን አልጠፋም፤ ነቃ ያለ፣ አዲስ ነገር ቶሎ የሚገባው ሰው መጠሪያ ሆኖ ቀረ። አንዳንድ ጊዜም ሌላውን ለማታለል የሚፈጥን ሰው መጠሪያ ይሆናል፤ ይህም ያው ከገበያ የተወረሰ ጠባይ ነው።

እስቲ በመጀመሪያ ባንኩን እንመልከት። የአቢሲኒያ ባንክ በየካቲት ወር 1898 ዓ. ም. በዳግማዊ ምኒልክ ተመርቆ ሲከፈት፣ በአገሩ ላይ የሚዘዋወረው ገንዘብ ማሪያ ቴሬዛ የምትባለው የብር ጠገራ ነበረች። የአንዲቱ ጠገራ ክብደት 28 ግራም ያህል ነው። እንግዲህ ሒሳቡን ማስላት ቀላል ነው፤ አንድ ሺህ ብር ይዞ የሚጓዝ ነጋዴ 28 ኪሎ ብረት ይሸከማል ማለት ነው። አሥር ሺህ ቢሆን በቅሎዎች ጭኖ፣ ጠብመንጃ የያዘ አጃቢ ቀጥሮ መንገድ ይወጣል። ባንኩ ለዚህ ሰው ያቀረበለት ነገር «ብርህን ለእኛ ተውና ወረቀት ይዘህ ሂድ» የሚል ነው። የወረቀቱም ገንዘብ በ1907 ዓ. ም. ወጣ። ይህን ነገር እንደ ዋዛ አንየው። ዕድሜ ልኩን ብር በጥርሱ ነክሶ፣ ከድንጋይ ላይ ጥሎ ድምፁን አዳምጦ የተቀበለ ሰው ወረቀት እንዲያምን ማድረግ ቀላል አይደለም። ወረቀቱ በራሱ አያሳምነውም፤ ወረቀቱን ሲመልስ ጠገራውን ቆጥሮ የሚያስረክበው ሰው ከመስኮቱ ሲገኝ ነው የሚያምነው።

ከባንኩ ይበልጥ ግን የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል ታሪክ ያስደስተኛል። ሆቴሉ የተሠራው በ1890ዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ እንጀራ በገንዘብ መሸጥ ነውር፣ ገዝቶ መብላትም ሰው እንደ ሌለው መቈጠር ስለ ነበረ፣ ገበያው እንዳልቀና ሲተረክ እንሰማለን። ንጉሠ ነገሥቱም መኳንንታቸውን አስከትለው ሄደው፣ በልተው ጠጥተው፣ ሒሳቡን ከኪሳቸው ከፍለው ለሌላው አርአያ ሆኑ ይባላል። ይህን ታሪክ የሚተርኩልን ሁሉ ሥልጣኔ እንዴት እንደ ገባ ለማሳየት ነው የሚተርኩት። እኔ ግን በተረከ ቁጥር አንድ ነገር ይጎድለኛል። ታሪኩ የበላ ሰው መክፈል እንዳለበት ያስተምራል፤ የተከፈለው ሰው ደግሞ ምን ዕዳ እንዳለበት የሚናገር ክፍል የለውም። ምግቡ ቢዘገይ፣ ወጡ ቢበርድ፣ ሒሳቡ ቢሳሳት ምን ይደረግ እንደ ነበር የነገረን የለም። (ሆቴሉ ጥር 3 ቀን 2007 ዓ. ም. ክፉ ቃጠሎ ደርሶበት፣ የጃዝ ሙዚቃ ይሰማበት የነበረው ጃዛምባ የተባለው አዳራሽ መውደሙን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን።)

ይህ የጎደለ ክፍል እስከ ዛሬ ድረስ እየተከተለን የመጣ ይመስለኛል። ቴሌብር የተባለው የገንዘብ ማስተላለፊያ ከግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ. ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። ከዚያ ወዲህ የመብራትና የውኃ ሒሳብ ለመክፈል ግማሽ ቀን መሰለፍ ለብዙ ሰው ቀርቶለታል። ጥቅሙን አቃልሎ ማየት ውለታ ቢስነት ነው። የሰው ፊት ይገርፋል ይባላል፤ በተለይም ከመስኮቱ ፊት ቆሞ መናገር ለሚከብደው፣ ልብሱን ተመልክተው ለሚንቁት ድኻ፣ ፊት ሳያዩ ጉዳይን መጨረስ ታላቅ ዕረፍት ነው። ዳሩ ግን አንድ ቀን ገንዘቡ ከስልክዎ ወጥቶ ወዳሰቡት ስፍራ ሳይደርስ ይቅር። እንግዲህ ያን ጊዜ ነው ጉዱ! የላከው ክፍል «ከእኛ ወጥቷል» ይላል፤ የሚቀበለው ክፍል «ለእኛ አልደረሰም» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ገንዘቡ ግን በሁለቱ መካከል ባለው አገር ይኖራል፤ ወደዚያ አገር የሚወስድ መንገድ ደግሞ የለም። ለመቀበል አንድ ሴኮንድ የሚበቃው ማሽን ለመመለስ ሳምንት ይፈልጋል። አሁንም የተማርነው መክፈሉን ነው።

ሥራን ከሩቅ ሆኖ መሥራትም ብዙ ሰው እንደሚያስበው የትናንት ፈጠራ አይደለም። በ1886 ዓ. ም. የተጀመረው ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የሆነው የስልክና የቴሌግራፍ መስመር ምን ነበር? ካህናቱ ስልኩን የሰይጣን ሥራ ነው ብለው እንደ ተቃወሙት ይተረካል። በእርግጥም ገና ያልለመደው ሰው፣ የንጉሥ ድምፅ ንጉሡ በሌሉበት ቤት ሲሰማ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ከዚያ በፊት የንጉሥ ቃል የሚደርሰው በመልእክተኛ ነበረ፤ መልእክተኛው በመንገድ ላይ ሳለ አገረ ገዥው እንደ ፈቀደው ያድራል። ስልክ ከገባ በኋላ ግን «መልእክቱ አልደረሰኝም» የሚለው ምክንያት ቀረ። በ1990ዎቹ ወረዳኔት በተባለው መስመር ሚኒስትሮች ከየወረዳው ሹሞች ጋር በምስል ሲነጋገሩ የነበረውም የዚያው ሐሳብ ልጅ ነው። ልብ ይበሉ፤ እነዚህ ሁሉ የተዘረጉት የበላዩ የበታቹን እንዲያገኘው ነው። ባለጉዳዩ ሹሙን እንዲያገኘው የተዘረጋ መስመር ግን ቆይቶ ነው የመጣው፤ እሱም ቢሆን ብዙውን ጊዜ አይነሣም።

የመጀመሪያው የኮሮና በሽተኛ በአገራችን መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ. ም. ከተገለጸ በኋላ፣ በዚያው ወር አብዛኞቹ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች በቤታቸው ሆነው እንዲሠሩ ተነገራቸው። የሆነውን የሚያስታውስ ያስታውሰዋል። ሠራተኛው ቤቱ ገባ፤ ፋይሉ ግን ከመዝገብ ቤት መደርደሪያ ላይ ቀረ። ፋይል ወደሌለበት የሄደ ጸሐፊ ምን ሊሠራ ይችላል? ስለዚህ ለብዙዎቹ በቤት መሥራት ማለት በቤት መቀመጥ ሆነ። ስንፍና ነው ብዬ አልፈርድም። ወረቀቱን ሳያሻሽሉ ሰውየውን ብቻ ማዛወር ይህን ያመጣል። በዚያው ዓመት ሰኔ 23 ቀን ደግሞ ኢንተርኔት ተዘጋ፤ ወደ ሦስት ሳምንት ያህልም ቆየ። ለውጭ አገር አሠሪ ይሠሩ የነበሩ ወጣቶች «መሥራት አልቻልንም» የሚል ወሬ እንኳ የሚልኩበት መንገድ አልነበራቸውም።

የሆነ ሆኖ እነዚህ ወጣቶች ዛሬ ከጥቂትም በላይ ናቸው። ከእኔ ጋር ዩኒቨርሲቲ ከጨረሱት መካከል አንዳንዶቹ ቢሮአቸው የፒያሳ ቡና ቤት ነው። ፒያሳ በቡና ቤት የታወቀች ናት፤ ቶሞካ በ1953 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከተከፈተ ወዲህ ቡናን ቆሞ ጠጥቶ ወደ ሥራ መሮጥ የሠፈሩ ልማድ ሆኗል። የአሁኖቹ ግን ተቀምጠው ነው የሚውሉት፤ አንድ ማኪያቶ አዝዘው አራት ሰዓት ሙሉ ኮምፒዩተራቸው ላይ ተደፍተው ሲቀመጡ አሳላፊው የሚያያቸው ዐይን ምን ዓይነት እንደ ሆነ መናገር አያስፈልግም። ጠረጴዛው የሱ እንጀራ ነውና እውነት አለው።

ከነዚህ አንዷን ላንሣ። ለአንድ የአሜሪካ ሱቅ ደንበኞች በጽሑፍ መልስ በመስጠት ትተዳደራለች። ኒው ዮርክ ከጧቱ 3 ሰዓት ሲሆን እኛ ዘንድ እንደ ወራቱ ከ10 ወይም ከ11 ሰዓት ነው፤ ስለዚህ ሥራዋን የምትጀምረው ሌላው ሰው ከቢሮ ሲወጣ ነው፤ የምትጨርሰውም እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ነው። ስለ ሥራዋ ስትነግረኝ ከሁሉ ይበልጥ የገረመኝ አንድ ደንብ ነው። የሱቁ ማሽን በተበላሸ ጊዜ፣ ለደንበኛው በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሦስት ነገር መጻፍ አለባት፤ ምን እንደ ተበላሸ፣ መቼ ይጠገናል ተብሎ እንደሚታሰብ፣ ነገሩን የሚከታተለውም ሰው ስም። «ተበላሽቷል» ብላ ዝም ብትል ከደመወዟ ይቀነሳል። ይህችው ልጅ ማለዳ ተነሥታ ለራሷ ጉዳይ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄደች። ከመስኮቱ የሰማችውን መገመት ለአንባቢዎቼ አያቅታቸውም። ማታ አገልጋይ፣ ጧት ባለጉዳይ ናት፤ ማታ የምታውቀውን ሥርዐት ጧት ስትፈልገው አታገኘውም። «እኔ ለማላውቀው ለቴክሳስ ሰው የምመልሰውን መልስ ለእኔ የሚመልስልኝ ሰው አጣሁ» አለችኝ።

ይህን ስል የሩቁን ሥራ ለማሞገስ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። አሠሪዋ ፊቷን አይቶት አያውቅም። አንድ ቀን በሁለት መስመር መልእክት ሊያሰናብታት ይችላል፤ ጡረታ የላትም፤ ብትታመም የሚጠይቃት የሥራ ባልደረባ የላትም። ቤቷ ፀጥ ብሎ ሳለ ፒያሳ ድረስ መጥታ የምትሠራው ለምን እንደ ሆነ ስጠይቃት «ሰው ለማየት» አለችኝ። የሰው ፊት የሚገርፍ ቢሆንም ያለ እሱም አይኖርም።

ስለ ጉዞ ጥቂት ልበል። ከባቡር በፊት ከአዲስ አበባ ሐረር በበቅሎ የሳምንታት መንገድ ነበረ። 784 ኪሎ ሜትር የሆነው የጅቡቲ ባቡር መስመር በ1909 ዓ. ም. አዲስ አበባ ሲደርስ፣ ሌሊት አዋሽና ድሬዳዋ እያደረ በሦስት ቀን ያደርስ ጀመር። ከፍጥነቱ ይበልጥ የሚደንቀኝ ሌላ ነገር ነው፤ ባቡሩ ሰዓት አለው። ሹም ቢሆን ነጋዴ፣ ፊሽካው ከተነፋ በኋላ የደረሰ ሰው ይቀራል። ትኬት የቆረጠ ሁሉ መብቱ እኩል ሆነ፤ በዚያን ጊዜ ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም። ዛሬ የአውሮፕላን የወረቀት ትኬት እንኳ በዓለም ሁሉ ከ2000 ዓ. ም. ግንቦት ማብቂያ ጀምሮ ቀርቶ፣ መንገደኛው ከስልኩ ላይ ቁጥር አሳይቶ ይሳፈራል። ወደ ፒያሳ እንዲደርስ ተብሎ የተዘረጋው የከተማ ቀላል ባቡር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ. ም. ሲጀመር 41 ባቡሮች ነበሩት፤ ከዓመታት በኋላ በመለዋወጫ ዕጦት ብዙዎቹ ቆመዋል። የምረቃው ዕለት የተነሣው ፎቶግራፍ ያምራል። አገልግሎት ግን የሚለካው በስምንተኛው ዓመት፣ ዝናብ በሚጥልበት ማክሰኞ ቀን፣ በፌርማታው ላይ ምን ያህል እንደ ጠበቁ ነው።

ከፍርድ ቤቶችና ከመሥሪያ ቤቶች ደጃፍ ጃንጥላ ዘርግተው፣ የጽሕፈት መኪና ጭናቸው ላይ አድርገው የሚቀመጡትን ማመልከቻ ጸሐፊዎች የማያውቅ የከተማ ሰው የለም። ባለጉዳዩ ከፊታቸው ተቀምጦ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ይተርካል፤ እነሱም አዳምጠው፣ የማይረባውን ጥለው፣ «ክቡር ሆይ» ብለው ይጀምራሉ። መጻፍ ለማይችለው ሰው አፉ ነበሩ። ዛሬ ወረቀቱ ወደ ስልክና ወደ ኮምፒዩተር ሲገባ የነሱን ወንበር የወረሰው የኢንተርኔት ቤቱ ልጅ ነው። ፎርሙ የሚሞላው በእሱ እጅ ነው፤ ብዙ ጊዜም የገጹ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነውና ባለጉዳዩ በስሙ ምን እንደ ተጻፈ አያውቅም። የአያት ስም ላይ አንዲት ፊደል ከተሳሳተች ማረሚያው የወራት ጉዳይ ነው። ስለዚህ ደጁ አልቀረም ማለት ነው፤ ወደ ልጁ ጠረጴዛ ተዛውሯል እንጂ።

ከዚህም የከፋ አለ። ባለፈው ወር ከአንድ የፒያሳ ሱቅ ቆሜ ሳለሁ አንዲት አሮጊት ስልካቸውን ለባለ ሱቁ ልጅ ሰጥተው «ልጄ፣ ልጄ ከዐረብ አገር የላከችልኝ ገብቶ እንደ ሆነ እይልኝ» አሉት። የምሥጢር ቁጥሩን ሲጠይቃቸው ጮክ ብለው አራቱንም ተናገሩ፤ እኔም ሰማሁ፣ ከኋላዬ የቆሙትም ሰሙ። ልጁ ጨዋ ነበረ፤ ቆጥሮ ሰጣቸው፤ ቁጥሩንም ለማንም እንዳይናገሩ መከራቸው። እሳቸውም «ላንተ ካልነገርሁ ለማን ልንገር?» አሉት። ጥያቄው ለልጁ ብቻ የቀረበ አይመስለኝም። ማሽኑን የሠሩት ሊቃውንት ምሥጢርን በአራት ቁጥር ቈልፈዋል፤ ቁጥር ማንበብ የማይችል ሰው ምሥጢሩን በማን ላይ እንደሚቈልፍ ግን አላሰቡበትም። አሮጊቷ የሚያውቁት አንድ ቁልፍ ብቻ ነው፤ እሱም የታመነ ሰው ነው።

የታመነ ሰው የሚገኘው ደግሞ በሠፈር ነው። በ2016 ዓ. ም. የካቲት ወር የዓድዋ ድል መታሰቢያ በፒያሳ ተመረቀ፤ በዚያው ሰሞንም በኮሪደር ልማት ምክንያት ዶሮ ማነቂያንና አካባቢውን የመሳሰሉ አሮጌ ሠፈሮች ፈርሰው ነዋሪው ወደ ከተማው ዳር ተዛወረ። መንገዱ ሰፍቷል፤ ማታ ማታ መብራቱ ያምራል፤ እግረኛውም ሳይጋፋ ይሄዳል። አብሮ የፈረሰውን ነገር ከአንድ ባለ ሱቅ ሰማሁ። ሱቃቸው ከመፍረሱ በፊት የዱቤ ደብተራቸው ወፍራም ነበረ፤ በደብተሩም ውስጥ ስም እንጂ ፊርማ የለም። ሰዎቹ በየአቅጣጫው ሲበተኑ ገንዘቡን እንደ ጠፋ ቈጠሩት። ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ ግን ስልካቸው እየጮኸ ገንዘቡ በቴሌብር ጥቂት በጥቂት ይገባ ጀመር። «ሁሉም አልላኩም፤ የላኩት ግን ዋጋውን ሳልነግራቸው አስታውሰው ነው የላኩት» አሉኝ። እኒህ ሰው በአዲሱ ስፍራቸው ዱቤ አይሰጡም። ለምን ቢሏቸው ገና ማንንም አላወቅሁም ይላሉ።

ወደ መሥሪያ ቤቶቻችን እንመለስ። መንግሥት በዚህ ነገር ዝም አላለም። በኤሌክትሮኒክ የሚደረግ ግብይት በሕግ እንዲጸና አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ወጥቷል፤ ይሁን እንጂ በስልክ የተላከን ደረሰኝ «አትመህ አምጣ» የሚል መስኮት ገና አልጠፋም። የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ደግሞ የአስተዳደር ውሳኔ በጽሑፍ ሆኖ ምክንያቱ እንዲገለጽ ያዛል። መልካም ሕግ ነው። «ሲስተም የለም» ግን ውሳኔ አይደለም፤ ውሳኔ ካልሆነ በጽሑፍ አይሰጥም፤ በጽሑፍ ካልተሰጠ ይግባኝ አይባልበትም። እንግዲህ ባለጉዳዩ አልተከለከለም አልተፈቀደለትም፤ በመካከል ተንጠልጥሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሚያዝያ 18 ቀን 2017 ዓ. ም. የብዙ መሥሪያ ቤቶችን አገልግሎት በአንድ ጣራ ሥር የሚሰጠው የመሶብ ማዕከል በአዲስ አበባ ሲከፈት ስሙን ወድጄዋለሁ፤ ከመሶብ ዙሪያ የተቀመጠ ሰው ሁሉ እኩል ይቈርሳል። ነገር ግን በአገራችን ልማድ መሶብ ብቻውን አይቀርብም። እንጀራው ሲያልቅ የሚጨምር፣ ወጡ ሲጎድል የሚያወጣ፣ ያልበላውን «ብላ እንጂ» የሚል አሳላፊ አለ። ማሽኑ የሚቆምበት ሰዓት የአሳላፊው ሰዓት ነው፤ በየትኛውም መሥሪያ ቤት ቢሆን ያን ሰዓት የሚሠራበትን ሰው አስቀድሞ መሰየም ከባድ ወጪ አይጠይቅም።

ይህ እንደሚቻል ያየሁት በቅርቡ ነው፤ መሥሪያ ቤቱን አልጠቅስም። አንድ ሽማግሌ በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ መጥተው ሦስቱንም ጊዜ «ሲስተም የለም» ተባሉ። በሦስተኛው ቀን ከመስኮቱ የነበረችው ገና ከተቀጠረች ዓመት ያልሞላት ወጣት ነበረች። እሷም ያንኑ ቃል ተናገረች፤ ቀጥላ ግን አንድ ወረቀት አውጥታ መስመር አሰመረችና የሽማግሌውን ስም፣ ስልክና ጉዳይ ጻፈች። «ሲስተሙ ሲመጣ እኔ እደውላለሁ፤ ስሜም ይኸውልዎ» ብላ በቁራጭ ወረቀት ላይ ስሟን ጽፋ ሰጠቻቸው። ሽማግሌው ቁራጩን አጥፈው ከደረት ኪሳቸው ከተቱ። ከኋላቸው የነበርነውም ተራ በተራ ተመዘገብን። ለእኔ በማግሥቱ 9 ሰዓት ላይ ተደወለልኝ።

ጉዳዬን ልጨርስ ስሄድ የክፍሉ ኃላፊ ከመስኮቱ አጠገብ ቆመው ኖሮ «ይህን መዝገብ የከፈትሽው በየትኛው መመሪያ ነው?» ሲሏት ደረስሁ። ልጅቷ መልስ አልሰጠችም። ኃላፊውም ጥቂት አሰብ አድርገው፣ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አንብበው፣ መልሰው ከጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጡት። አሥራ አራት ስም ነበረበት፤ ከአሥራ አንዱ ትይዩ በቀይ እስክሪብቶ «ተደውሏል» ተብሎ ተጽፏል።